የፊፕሮኒል ጠብታ፦ ለየትኛው ውሻ ይሆናል፣ ለየትኛው አይሆንም?

ውሻ ቆዳ ላይ ከሚንጠባጠቡት የቁንጫና የመዥገር መድኃኒቶች መካከል ፊፕሮኒል ከቆዩት አንዱ ነው። ብዙዎች ፍሮንትላይን በሚለው ስሙ ያውቁታል፤ ያው ንጥረ ነገር በሌሎች ስሞችም ይሸጣል። ለቁንጫ ጥሩ፣ ለመዥገር ደህና ነው፤ በየሳምንቱ በሻምፑ ለሚታጠብ ውሻ ግን አይመከርም።

ነገሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። በቆዳው ቅባት ላይ ይሰራጭና በቅባት ዕጢዎች ውስጥ ተጠራቅሞ ቀስ በቀስ ወደ ጸጉሩ ይወጣል። የነካው ቁንጫ ነርቩ ያለ ልክ ተቀስቅሶ ይሞታል። እንግዲህ ቅባቱን የሚያጥብ ነገር መድኃኒቱንም ያጥባል። ከመጨመሩ በፊት 48 ሰዓት፣ ከተጨመረም በኋላ 48 ሰዓት ውሻውን አታጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው። ሰው ሁለተኛውን ያስታውስና የመጀመሪያውን ይረሳል፤ «መጀመሪያ ይጽዳ» ብሎ ጠዋት በሻምፑ አሽቶ ማታ ያንጠባጥባል። ቅባቱ በተገፈፈ ቆዳ ላይ ጠብታው በወጉ አይሰራጭም። ከዚያ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይባላል።

መጠኑ የሚለካው በውሻው ክብደት ነው። ከ2 እስከ 10 ኪሎ ለሚመዝን 0.67 ሚሊ ሊትር፣ ከ10 እስከ 20 ኪሎ 1.34፣ ከ20 እስከ 40 ኪሎ 2.68፣ ከ40 እስከ 60 ኪሎ 4.02 ነው። ክብደቱን በግምት አይሙሉት፤ ውሻውን አቅፈው ሚዛን ላይ ይቁሙ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑና ይቀንሱ። የትልቅ ውሻ ቱቦ ገዝቶ ለሁለት ትንንሽ ውሾች ማካፈል ቁጠባ ይመስላል፤ በዓይን ሲካፈል ግን አንዱ ያንሰዋል፣ ሌላው ይበዛበታል። ከ8 ሳምንት በታች ለሆነ ወይም 2 ኪሎ ላልሞላ ቡችላ ጭራሽ አይደረግም። ለእሱ ጥርሱ የተቀራረበ ማበጠሪያና የሳሙና ውሃ ይበቃሉ፤ ቁንጫው በማበጠሪያው ተይዞ ሳሙናው ውስጥ ይሰምጣል።

አጨማመሩ ቀላል ቢሆንም የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው። ቱቦውን ቀጥ አድርገው ይያዙና ፈሳሹ ወደ ታች እንዲወርድ አንገቱን በጣት መታ መታ ያድርጉ፤ ከዚያ ጫፉን ይስበሩ። ከትከሻ አጥንቶቹ ፊት፣ አንገቱ ሥር፣ ምላሱ የማይደርስበት ቦታ ላይ ጸጉሩን ለሁለት ይክፈሉ። ቆዳው ራሱ መታየት አለበት፤ ጸጉር ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ባክኗል። በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ጨምቀው ይጨርሱትና እጅዎን ይታጠቡ። እስኪደርቅ ልጆች አይደባብሱት፣ ውሻውም እሳት አጠገብ አይተኛ፤ ማሟሟቻው አልኮል ስላለበት ይቀጣጠላል። ለ48 ሰዓት ወንዝ ውስጥም አይግባ፣ ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት መርዝ ነውና። ድንገት ቢልሰው ለጥቂት ጊዜ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ ብዙውን ጊዜ ከዚያ አያልፍም።

ቁንጫው በ24 ሰዓት፣ መዥገሩ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ቁንጫዎች ከመሞታቸው በፊት ይቅበጠበጣሉና በመጀመሪያው ቀን የበዙ ቢመስሉ አይደንግጡ። ከባዱ ጥያቄ ግን መዥገሩ ላይ ነው። ፊፕሮኒል ይገድላል እንጂ አያባርርም፤ መዥገር ተጣብቆ ቢገኝ መድኃኒቱ የውሸት ነው ማለት አይደለም። ሆኖም የተጣበቀ መዥገር ባቤዥያና ኤርሊኪያ የሚባሉትን የደም በሽታዎች ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ አደጋው ይጨምራል። የተገኘውን በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ላምባ፣ ዘይትና ክብሪት አይነካካው። መዥገር በሚበዛበት ቦታ የሚውል ውሻ ከሆነ ከጠብታው ይልቅ ኪኒን ወይም የአንገት ማሰሪያ ይመረጥለት።

ከወር በኋላ ቁንጫ እንደገና ሲታይ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ላይ ተንሸራቶ ምንጣፍና መኝታ ውስጥ ይወድቃል፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ (ትሉ) ድር ፈትሎ ራሱን ይሸፍንና በዚያ ውስጥ ለወራት ሊደበቅ ይችላል። እዚያ ደግሞ መድኃኒት እምብዛም አይደርስበትም። መኝታውን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ምንጣፉን መጥረግ፣ በቤቱ ያለውን ውሻና ድመት ሁሉ በየራሱ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ማከም፣ ይህንንም ቢያንስ ሦስት ወር መቀጠል ያስፈልጋል። ፊፕሮኒል ከኤስ ሜቶፕሪን ጋር የተቀላቀለበት ዓይነት የእንቁላሉንና የእጩን እድገት ስለሚገታ፣ ቤቱ በቁንጫ ከተወረረ እሱ ይሻላል።

ከአማራጮቹ ኔክስጋርድ (አፎክሶላነር) ለአንድ ወር፣ ብራቬክቶ (ፍሉራላነር) ለ12 ሳምንት የሚያገለግሉ ኪኒኖች ናቸው። መታጠብ አይጎዳቸውም፣ ለመዥገርም ጠንካሮች ናቸው። ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 እነዚህ ኪኒኖች በአንዳንድ ውሾች ላይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጡም። ሴሬስቶ የተባለው ማሰሪያ እስከ 8 ወር ይቆያል፤ ሲታሰር ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ቶሎ ቶሎ መታጠብና መዋኘት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ፐርሜትሪን ላይ ነው። ለውሻ የተሠራ የፐርሜትሪን ጠብታ ድመት ሊገድል ይችላል፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም። ድመት ባለበት ቤት ባይገባ ይመረጣል። የሣጥኖቹ መልክ ስለሚመሳሰል ከስሙ ይልቅ የንጥረ ነገሩን ዝርዝር ያንብቡ። ፊፕሮኒል ራሱም ለጥንቸል መርዝ ነው። የከብት መድኃኒት በጥብጦ ውሻ ላይ ማፍሰስስ ለክርክርም አይቀርብም።

ከተጨመረ በኋላ እንስሳው ከተንቀጠቀጠ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም ከተንገዳገደ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያጥቡት፤ በፎጣ ጠቅልለው ከነሣጥኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ነው።