የእንግሊዝ የግል መሰናዶ ትምህርት ቤቶች፦ በባለአደራ ይተዳደሩ ወይስ በኩባንያ?

እስከ 11 ወይም 13 ዓመት ያሉ ልጆችን ለግል ሁለተኛ ደረጃ የሚያዘጋጁት እነዚህ ትምህርት ቤቶች፣ ብዙዎቹ የአንድ ርዕሰ መምህር የግል ንብረት ሆነው ነው የተጀመሩት። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ይሸጣል፤ ገዢ ከጠፋም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1892 ርዕሰ መምህራን ስለ ክሪኬት ኳስ መጠን ሊነጋገሩ ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። የባለቤትነቱን ችግር ግን ማኅበር አይፈታውም፤ ለዚያ ያሉት ሁለት መንገዶች ናቸው።

በበጎ አድራጎት ባለአደራ ሥር ትርፍ ለማንም አይከፋፈልም፤ ተመልሶ ለትምህርት ይውላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ባለአደራ ሥር በቡድን ሲተዳደሩም ጠንካራው የደካማውን ክፍተት ይሸፍናል። ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል፦ ቡድኑ አንድ ሕጋዊ አካል ከሆነ የአንዱ ዕዳ የሁሉም ነው። አክሲዮን መሸጥ ስለማይቻል አዲስ ሕንፃ የሚሠራው በቁጠባ፣ በስጦታ ወይም በብድር ብቻ ነው።

ኩባንያ ካፒታል ቶሎ ያገኛል፤ የሂሳብና የቅጥር ሥራንም በአንድ ማዕከል ይጠቀልላል። ነገር ግን ከክፍያው ላይ የባለአክሲዮን ድርሻና የብድር ወለድ ይነሳል፤ ባለቤቱም በድንገት ሊቀየር ይችላል።

የግብር ልዩነቱ ጠብቧል። ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በሁለቱም ላይ ተጥሏል፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያም የበጎ አድራጎቶቹ የንግድ ሕንፃ ግብር ቅናሽ ቀርቷል። ያም ሆኖ ትርፉ ተመልሶ ለትምህርት ስለሚውል ለረጅም ዕድሜ ባለአደራው ይሻላል ባይ ነን፤ ቡድን የሚቀላቀል ትምህርት ቤት ግን አስቀድሞ መሬቱ በማን ስም እንደሚመዘገብና ርዕሰ መምህሩን ማን እንደሚሾም በጽሑፍ ያስይዝ።