ሐዋሳ ያላችሁ ዲጄዎች፣ ላፕቶፓችሁን ከመሸጣችሁ በፊት

ሰላም ወገን። ፖስት ማብዛት አልወድም። ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ግን ውለታ ቢስ ነው የምባለው።

ፒያሳ አካባቢ ጠበብ ባለች የኮምፒውተር መጠገኛ ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። የጥር እንጀራዬን ያተረፈልኝ እሱ ነው። እግዜር ይስጠው።

ለማታውቁኝ፣ ሰርግ፣ መልስና ልደት ላይ ሙዚቃ አጫውታለሁ። ያለኝ አንድ የፓዮኒር ኮንትሮለር (ዘፈን የማቀላቅልበት ባለ ቁልፍ ሰሌዳ) እና ዩዝድ የገዛሁት ላፕቶፕ ነው። ኮንትሮለሩ የራሱ ሳውንድ ካርድ አለው። ዘፈኑን የሚያነበው፣ ፍጥነቱን የሚያስተካክለውና የሚያቀላቅለው ግን ላፕቶፑ ነው። እሱ ከተደናቀፈ ስፒከሩ ሁሉን ይናገራል። ጭርርር… ጠጥ ጠጥ… ከዚያ ለአፍታ ጸጥ።

አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ አዳራሽ እየገቡ ነው። ሚዜዎቹ እስክስታ እየወረዱ፣ እናቶች እልል እያሉ፣ ድምጹ ቀጥ አለ። አንድ አባት ጠጋ ብለው "ልጄ፣ መብራት ሄደ እንዴ?" አሉኝ። መብራቱማ አለ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መንከራተት የጀመርኩት ያኔ ነው። የማንንም ስም አልጠራም፣ ግን ልናገር። አንዱ ጋ ስገባ "ላፕቶፑ የማን ነው?" ተባልኩ። የእኔ። "ወንድምሽ ይምጣና ችግሩን ያስረዳን።" ወንድም የለኝም! ሌላው "ራም ይጨመርበት" አለ። ተጨመረ፣ የአንድ ሰርግ ክፍያዬ በዚያው ሄደ፣ ጭርርታው ንቅንቅ አላለም። "የዩኤስቢ ቀዳዳው ላልቷል" ብሎ ርካሽ ሀብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ) የሸጠልኝም አለ። ከሁሉ የባሰው ግን ሳይጠይቀኝ ፎርማት ያደረገው ነው። ዘፈኖቹ ተመስገን ኤክስተርናል ላይ ነበሩኝ። ኪው ፖይንቶቼ ግን ድራሻቸው ጠፋ። ስንት ሌሊት ቁጭ ብዬ እያንዳንዱ ዘፈን ከየት እንደሚገባ ምልክት ያደረግሁበት ሥራ ነው እኮ። ስነግረው "እሱ ደሞ ምንድነው?" አለኝ። እስካሁን ሳስበው ውስጤ ይቃጠላል። የመጨረሻው ደግሞ "ይሄን ሽጪና ማክ ግዢ" ብሎ መከረኝ። ብሩንም አብሮ ቢመክረኝ ጥሩ ነበር።

ሳውንድ ሲስተም የሚያከራይ ወዳጄ ነው ወደዚህ ልጅ የላከኝ። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ኮንትሮለሩስ?" ብሎ ነው። ቤት ነው አልኩት። "ያለ እሱ ምን አያለሁ? ሂጂ አምጪው እህቴ።" እየተነጫነጭኩ ባጃጅ ይዤ አቶቴ ደርሼ ተመለስኩ።

የተፈታቱ ላፕቶፖችን ገፋ ገፋ አድርጎ ቦታ ሠራልኝና "በይ አጫውቺ፣ ልክ እንደ ሰርግ" አለኝ። ሄድፎኔን አጥልቆ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም አልነካም። ጭርር ባለ ቁጥር ጣቱን ብቻ ያነሳል። እኔ ዘፈን ከዘፈን እያቀላቀልኩ፣ እሱ ጣቱን እያነሳ፣ ሁለት ደንበኞች በር ላይ ቆመው ይስቁብናል። ከዚያ በፊት ችግሬን ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው አልነበረም።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የዘፈን ማውጫዬን በሙሉ፣ እንደ አዲስ የሞላሁትን ኪው ፖይንት ጨምሮ፣ የራሱ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠው። "ይሄ ያንቺ ልፋት ነው፣ እንዳይጠፋብሽ" አለኝ። እዚያው እንባዬ መጣ። ያ ፎርማት ያደረገው ሰውዬ ትዝ ብሎኝ ነው መሰለኝ።

ምን እንዳደረገ በከፊል ነው የገባኝ። መስመሮች የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተ፤ ቀይ ይሆናሉ፣ ይወርዳሉ። "ዋይፋዩን አጥፊው" አለኝ። አጠፋሁት። ጭርርታው ወዲያው ቀነሰ! የዋይፋዩ ድራይቨር (ዋይፋዩን የሚያሠራው ፕሮግራም) ፕሮሰሰሩን ይዞ የድምጹን ተራ እየወሰደበት ነበር አለኝ። ሀብዋን ነቅሎ ኮንትሮለሩን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። ቀዳዳው ምንም አልላላም። ላፕቶፑ ኃይል እንዲቆጥብ ተደርጎ ስለነበር ፕሮሰሰሩ ራሱን ቀዝቀዝ ያደርግ ነበር፤ እሱን ወደ ሃይ ፐርፎርማንስ ቀየረው። ዩኤስቢውም መሃል ላይ እንዳያንቀላፋ አደረገ። ከኮንትሮለሩ አምራች ድረ ገጽ ትክክለኛውን አሲዮ ድራይቨር (ድምጹን ሳያዘገይ በቀጥታ ወደ ኮንትሮለሩ የሚያደርሰውን) አውርዶ ጫነ። ፋኑን ከፍቶ ያወጣውን አቧራ ብታዩ! ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በሐዋሳ ሙቀት ደግሞ አዳራሽ ውስጥ መጋሉ አይቀርም።

በደንብ የገባኝ በፈር የሚባለው ነው። "ቤታችሁ ሮቶ አለ?" አለኝ። አለ። "ትንሽ ከሆነ ውሃ ለአፍታ ሲቋረጥ ቧንቧው ወዲያው ይደርቃል። ትልቅ ከሆነ አትሰሚውም። በፈርም የድምጽ ሮቶ ነው።" የኔ 128 ሳምፕል (የድምጽ ቅንጣት) ላይ ነበር፣ 512 አደረገው። በዚህ ምክንያት ቁልፍ ስነካ ድምጹ 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ለሰርግ ሥራ ማንም አይሰማውም። "ስክራች (ዘፈኑን በእጅ ወደፊት ወደኋላ ማሸት) ካማረሽ ወደ 256 አውርጂና ሞክሪው፣ ጭርር ካለ መልሺው" ብሎኛል። የቀረውን ራሱ ይንገራችሁ፣ እኔ ጆሮ እንጂ ጭንቅላት አልነበረኝም።

አጫውቺ ብሎኝ ወደ ሌላ ሥራው ዞረ። ምሳ ሰዓት አልፎ ሁሉ እያጫወትኩ ነው። ጭርርታ የለም! "ስንት ልክፈል?" ስለው የጠራልኝ ብር ለሀብዋ ከከፈልኩት አይበልጥም። "የገዛሁልሽ ዕቃ የለም፣ የእጄን ነው" አለ። ሊጨምርብኝ ይችል ነበር፣ ምን አውቄ? ደስ እያለኝ እከፍለው ነበር።

ብጣሽ ወረቀት ላይ "ዋይፋይ ዝጊ፣ ቻርጀር ሰኪ፣ ሌላ ፕሮግራም አትክፈቺ፣ ሀብ የለም" ብሎ ጽፎ ላፕቶፑ ላይ በፕላስተር ለጠፈልኝ። ይሄም ሳያንሰው ሰርግ ያለኝ ቅዳሜ ጠዋት ደወለ። "ዛሬ ሥራ አለሽ አይደል? ዋይፋዩን እንዳትረሺ።" ብሩን ከተቀበለ በኋላ እኮ ነው! እናቴ አጠገቤ ሆና ሰምታ "ይሄ ልጅ አግብቷል?" አለችኝ። እማዬ በቃ!

ያን ቀን ሙሽሮቹ ከገቡበት እስከ ኬክ ቆረሳው አንዴም አልተቆረጠብኝም። ጾም ከመግባቱ በፊት ሰርግ እንዴት እንደሚደራረብ ታውቃላችሁ። ሁሉንም በዚያው ባሮጌው ላፕቶፕ ተወጣሁት።

ስለዚህ ዲጄዎች፣ በቸርችም በቤታችሁም ድምጽ የምትቀዱ ጭምር፣ እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ። እባካችሁ! ራም ከመጨመራችሁ፣ ማክ ከማለማችሁ በፊት ሂዱ። ቁጥሩን አደባባይ እንዳላወጣው ስለጠየቀኝ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ ከሰዓት ነው የሚከፍተው። ኮንትሮለሩን ከነገመዱ ይዛችሁ ሂዱ፣ አለዚያ እንደ እኔ በባጃጅ ነው የሚመልሳችሁ።