ረጅም ጣውላ ለማቅናት፦ የመላጊያ ማሽን ወይስ ክብ መጋዝ?

የ3 ሜትር የዋንዛ ጣውላ ጠርዝ በመላጊያ ማሽን ሲያልፍ ልስልስ ብሎ ይወጣል፤ ያለ ተጨማሪ ሥራ ሙጫ ይቀበላል። ችግሩ ርዝመቱ ነው። የማሽኑ ጠረጴዛ 1.5 ሜትር ብቻ ከሆነ የጣውላው ጫፍ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ በክብደቱ ይጎትታል፣ ጠርዙም ሳይታወቅ ይጎብጣል። የመውጫው ጠረጴዛ (ጣውላው ምላጩን ካለፈ በኋላ የሚያርፍበት) ከምላጩ አናት በፀጉር ያህል ዝቅ ካለ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሥርጉድ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ስንት ጣውላ አበላሽቻለሁ!

በክብ መጋዝ ሲሆን ጣውላው ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚሄደው መጋዙ ነው። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በማጥበቂያ አስሮ እሱን ተከትሎ መቁረጥ ነው። ዘንጉ ጠማማ ከሆነ ጠርዙም ጠማማ ነው። የጥርሱ ጭረት ግን አይቀርም። ከ2 ሜትር በላይ ለሆነ ጣውላ እኔ መጋዙን አስቀድማለሁ፤ ጭረቱን በመላጊያ ማሽኑ በአንድ ስስ ዙር አነሳዋለሁ።