ቅጠሉ ወይስ ክቡ ማኅተም? ኦርጋኒክ ወይን ጠጅ ለምትገዙ

ለገጣፎ እኛ ሰፈር ሽምግልና ወይም ምርቃት በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። «ኦርጋኒክ የሚለውን ወይን የቱን ልግዛ?» የሚጠይቁኝ አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም፤ ስለከሰርኩ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ምልክት የሆነው ቅጠል ያለበትን ግዙ።

ለፋሲካ ክብ የኦርጋኒክ ማኅተም ያለው የአሜሪካ ቀይ በ4,800 ብር ገዛሁ። አጠገቡ ቅጠል ያለበት የጣሊያን 3,100 ነበር። ውድ ይሻላል ብዬ 1,700 ብር ጨመርኩ። ከፈትነው፤ አቼቶ! ባለቤቴ ሰላጣ ላይ ጨረሰችው። እስካሁን «የ4,800 ብሩ ሰላጣ» እየተባለ ይቀለድብኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አሜሪካኖች ክቡን ማኅተም የሚሰጡት ሰልፋይት ጭራሽ ላልተጨመረበት ወይን ነው። ሰልፋይት ደግሞ ወይኑን ከአየርና ከባክቴሪያ የሚጠብቀው ነገር ነው። እሱ የሌለበት ጠርሙስ የጅቡቲን ሙቀት፣ የአፋርን በረሃ፣ በላዩ ላይ የሱቁን መስኮት ፀሐይ ይችላል? አይችልም። አውሮፓ ግን ከ2012 ወዲህ ለኦርጋኒክ ደረቅ ቀይ በሊትር እስከ 100 ሚሊግራም፣ ለነጩ እስከ 150 ይፈቅዳል። ለተራው ወይን 150 እና 200 ነው። ቀነሱት እንጂ አልከለከሉትም። ለእኛ መንገድ የሚሆነው ይሄ ነው።

«ከኦርጋኒክ ወይን ፍሬ የተሠራ» የሚል የአሜሪካ ጠርሙስም አለ። ክብ ማኅተም የለውም፣ እስከ 100 ሚሊግራም ይፈቀድለታል። በርካሽ ካገኛችሁት ጥሩ ነው።

ኦርጋኒክ ማለት ምንም ያልተረጨ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ መዳብና ድኝ በአሜሪካም በአውሮፓም የወይን ተክሉ ላይ ይረጫል። አውሮፓ መዳቡን በሄክታር ለ7 ዓመት 28 ኪሎ ላይ ገድቦታል።

አሁን ደግሞ ፎርጅዱ። ባለ ቅጠሉን በ1,900 አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ቤት ደርሼ ቅጠሉን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ተነሳ፤ ስቲከር ነው! ትክክለኛው አረንጓዴ መደብ ላይ 12 ኮከቦች ተሰልፈው የሚሠሩት ቅጠል ነው። አብሮት ኮድ አለ፦ የሀገሩ ሁለት ፊደላት፣ «ባዮ» ወይም እሱን የመሰለ ቃል፣ ከዚያ ቁጥር። የኔው የሻምፑ ቅጠል ይመስል ነበር፣ ኮድም አልነበረው። ልመልስ ብል ባለሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ።

መስኮት ላይ የቆመውን አትውሰዱ፤ «ከካርቶን አውጣልኝ» በሉት። ሙሉ ካርቶን ስትወስዱ ዋጋ ይቀንስላችኋል። ግን መጀመሪያ አንዱን ገዝታችሁ ቅመሱ።