ባለ 24 መሳቢያው የልብስ ቁልፍ ሣጥኔ ከስምንት ወር በኋላ

ሐምሌ 3 ቀን ጠዋት የነጭ ቁልፍ መሳቢያዬን ብስበው አልከፈት አለ። ከጎኑ ያለውን ሞከርኩ፤ እሱም እንደዚያው። ከ24ቱ የተከፈቱልኝ ሁለት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ እርጥበት ጠጥተው አብጠዋል። በጣም ተናደድኩ። ዛሬ የምጽፈውም በዚያ ጠዋት ምክንያት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ጅማ፣ ሂርማታ ነው። ሣጥኑን ጥር ላይ እዚሁ ከተማ ያለ አናጢ ከዋንዛ ሠራልኝ፤ 14,000 ብር ከፈልኩ። ውበቱ ላይ ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን እንጨት ውሃ ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል፤ በርዝመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም። መሳቢያዎቹ በደረቁ ወር ልክክ ተደርገው ተሠሩ፤ ማበጫ ክፍተት አልተተወላቸውም። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ ናት። የዚህ አገር አናጢ ይህን ማሰብ ነበረበት።

ሲሸጥልኝ «ዕቃሽ ቦታ ቦታውን ከያዘ ሥራሽ ይፈጥናል» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ እንጨትህ ጥሩ ነው፤ ይሄኛው ንግግርህ ግን ልክ አይደለም። ሣጥኑ ከገባ ወዲህ ሥራዬ ዘገየ።

መጀመሪያ ቁልፎቹን በቀለም ለየሁ። ከዚያ ባለ ሁለት ቀዳዳና ባለ አራት ቀዳዳ ብዬ ከፈልኳቸው። ከዚያ በመጠን። ስማቸውን ጽፌ ለጠፍኩ፤ ጽሑፉ አላማረኝም፣ ልጬ እንደገና ጻፍኩ። ማታ ሱቅ ስዘጋ ወገቤ ተቆርጦ፣ ስሠራ የዋልኩ ይመስለኛል። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ኮት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ኮቱን ግንቦት ላይ አንዲት እናት አመጡት። የሟች ባለቤታቸው ነው። ልጃቸው ሲመረቅ እንዲለብሰው ትከሻውን እንዳጠብ፣ እጅጌውን እንዳስረዝም ፈለጉ። «ልጄ፣ አደራ» አሉኝ። እንዲህ ዓይነት ጨርቅ አንዴ መቀስ ከገባበት መመለሻ የለውም። ትከሻ ፈትቶ እጅጌ መልሶ መግጠም ደግሞ ከኮት ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው። ፈራሁ። ኮቱን ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር ያልተለየ ክር ትዝ ይለኛል። እናትየው ሁለት ጊዜ መጥተው «ደረሰልኝ?» ሲሉ «ትንሽ ነው የቀረው» አልኳቸው። አልነካሁትም ነበር። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒችል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው ሥራን የሚያዘገየው ሥራው ከሚያመጣበት መጥፎ ስሜት ለጊዜው ለማምለጥ ነው ይላሉ። እኔ ያመለጥኩት ወደ መሳቢያ ነው። ተኝቼ ብውል ኖሮ ቶሎ እነቃ ነበር። ማደራጀት ግን ሥራ ይመስላል፤ ጎረቤቱም «ጎበዝ» ይልሻል።

ያን ጠዋት የሚለይ ነገር ጠፋ። ደረቅ ሳሙና ቀባሁ፣ ጎተትኩ፤ ወይ ፍንክች። ኮቱን አወረድኩና ገበሩን ፈታሁ። የእጅጌው ጫፍ ውስጥ ሦስት ጣት የሚሆን ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። የድሮው ሰፊ በእጁ ይዞታል፤ የጠመኔው መስመር እንኳን አልጠፋም። አንድ ወር ተኩል ስፈራው የነበረው እጅጌ ማስረዘሚያው ውስጡ ነበር። ገልጬ አላየሁትም እንጂ። ትከሻው አስቸገረኝ፣ ሁለቴ ፈታሁት። በሦስተኛው ቀን አለቀ። እናትየው ኮቱን ተቀብለው አንገትጌውን አሸተቱ፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ አጥፈው ያዙት።

በመግዛቴ ተጸጽቻለሁ? በሣጥኑ አልተጸጸትኩም። 24 መሳቢያ በማዘዜ ግን አዎ፤ ለእኔ ሥራ ስድስት ይበቃል። አናጢው መጥቶ በመላጊያ ላስተካክለው ብሏል፤ የላይኛውን ረድፍ ብቻ ላስነካው ነው። መርፌ፣ ነጭ ክር፣ ጥቁር ክር፣ ዚፕ፣ ነጭ ቁልፍ፣ ጥቁር ቁልፍ። የታችኞቹ 18 ኅዳር ላይ ሲደርቁ ይከፈታሉ። ያኔ ቁልፎቹን ሁሉ ወደ ድሮው የዱቄት ወተት ጣሳ እገለብጣቸዋለሁ።