ምስጋናና ጥቆማ፦ ልጆቻችንን ለመጀመሪያ ጊዜ አደን ይዘው ለሚያድሩት ጋሼ

ይህን የምንጽፈው በዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ ያለን ወላጆች ነን። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስለማይወዱ ጋሼ ብቻ እንላቸዋለን። ጋሼ በቨርጂኒያ የአደን ደህንነት ትምህርት በበጎ ፈቃድ ያስተምራሉ። የልጆች አደን ሲከፈት ደግሞ ትምህርቱን የጨረሱትን ልጆች ከነወላጆቻቸው ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ ወስደው፣ ባለቤቱ በፈቀደላቸው እርሻ ጠርዝ ላይ ድንኳን ተክለው ያሳድራሉ። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ልግስናቸው እንዳለ ሆኖ፣ ጎልቶ እንዲነገርልን የምንፈልገው አሠራራቸው ነው። ጋሼ የልጅን የመጀመሪያ አደን የሚመዝኑት ልጁ በተረጋጋ መንፈስ አድሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት "እንሂድ" ብሎ በመጠየቁ ነው፤ አጋዘን ተገደለ አልተገደለ ብዙም አያስጨንቃቸውም። የሚያደርጉት ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ሌላ አስተማሪ የምትይዙ ወይም ራሳችሁ የምትወጡ ወላጆች መመዘኛ እንዲሆናችሁ ዘርዘር አድርገን እናስቀምጠው።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ። ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች የሆነ የቨርጂኒያ ነዋሪ ልጅ፣ ፈቃድ ያለው አዋቂ አጠገቡ ሆኖ እስከተቆጣጠረው ድረስ የአደን ፈቃድ አያስፈልገውም። ከ12 እስከ 15 ያለው ግን ወይ ትምህርቱን ጨርሶ ፈቃድ ያወጣል፣ ወይ የጀማሪ ፈቃድ ይይዛል። ትምህርቱ ነፃ ነው። በእ.ኤ.አ. 1937 በወጣው ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ ከሚሰበሰበው የፌዴራል ቀረጥ ይደገፋል። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የሚከፈተው የአጋዘን አደን ብዙውን ጊዜ በሴፕቴምበር መጨረሻ ባለው ቅዳሜና እሁድ፣ መስቀል ሰሞን ይውላል። በዚያ ሰሞን ልጁን ይዞ የወጣው አዋቂ መተኮስ አይፈቀድለትም። ጋሼ ይህን ቀን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የአዋቂው እጅና ዓይን ሙሉ በሙሉ ለልጁ ይሆናል። ብርዱም ገና አልበረታም።

ጠመንጃ ላይ መጀመሪያ የሚያዩት የሰደፉን ርዝመት ነው። የአዋቂ ሰደፍ ከቃታው እስከ ጫፉ 13 ተኩል ኢንች ገደማ ይሆናል፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ግን 12 ኢንች አካባቢ ይበቃል። ሰደፉ ከረዘመ ልጁ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ጉንጩም ከእንጨቱ ይለቃል። በማነጣጠሪያው መነጽር ውስጥ የሚያየው ጥቁር ክብ ብቻ ሲሆንበት አንገቱን አስግጎ ወደፊት ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ሲተኩስ መነጽሩ ቅንድቡን ይመታዋል። ቅንድቡን አንዴ የተመታ ልጅ ደግሞ ጠመንጃውን መልሶ መውደድ ይከብደዋል። ጋሼ ለልጆች የሚመርጡት 243 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ነው፤ ሲተኮስ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ቀላል ሆኖ ለአጋዘን ይበቃል። በቨርጂኒያ ለአጋዘን የሚፈቀደው ጠመንጃ የጥይቱ ውፍረት ከ.23 ካሊበር (0.23 ኢንች) ማነስ የለበትም። እንዲህ ባለው ጠመንጃ (ራይፍል) ማደን የማይፈቅዱ ካውንቲዎችም ስላሉ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ልምምዱ የሚጀምረው 22 በሚባለው ትንሽ ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ ነው። ልጅን የሚያበላሸው ድምፁና ግፊቱ ነው። ሁለቱን መፍራት ሲጀምር ዓይኑን ጨፍኖ ቃታውን ይመነጭቃል፤ ይህን ግን ከፍንዳታው የተነሳ ማንም አያይለትም። ጋሼ የሚያጋልጡት እንዲህ ነው፦ ልጁ ሳያይ ከእውነተኛው ጥይት መካከል የውሸት ጥይት ይቀላቅላሉ። የውሸቱ ጥይት "ቀጭ" ሲል አፈሙዙ ወደታች ከነቀነቀ ልጁ ፈርቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ 22ቱ ይመልሱታል፣ ቁጣ የለም። ጆሮው ውስጥ መድፈኛ፣ ከላዩም መሸፈኛ ያደርጉለታል። ከትልቁ ጠመንጃ በአንድ ቀን ከአምስት ስድስት ጥይት በላይ አያስተኩሱትም።

ርቀቱን የሚወስነው ልጁ ራሱ ነው። ተቀምጦ፣ ጠመንጃውን ባለ ሦስት እግር ድጋፍ ላይ አድርጎ፣ ስድስት ኢንች በሆነ የወረቀት ሳህን ላይ አምስት ተኩሶ አምስቱንም ያገባበት ርቀት የእሱ ገደብ ነው። ሃምሳ ያርድ ከሆነ ሃምሳ ነው። ጫካ ሲገባ ገደቡ አይጨምርም። አባት "ትንሽ ይራቅለት" ቢል እንኳ ጋሼ አይሰሙትም፤ እኛም ይህን ጽናታቸውን እንወድላቸዋለን።

ወደ ሌሊቱ እንለፍ፤ ከአደኑ በላይ ልጅን የሚፈትነው እሱ ነውና። ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ቦታው ላይ መድረስ የጋሼ ሕግ ነው። ጨለማ ላይ ድንኳን መትከል ሁሉን ሰው ያነጫንጫል። ሳይመሽ ከልጁ ጋር ወደ ደፈጣው ቦታ በእግር ሄደው ይመለሳሉ፤ ጧት በጨለማ የሚሄድበትን መንገድ በቀን ስላየው አይደናገጥም። ማታ የሚሰማውንም ቀድመው ይነግሩታል። ጉጉት ይጮኻል፤ የቀበሮ ጩኸት ደግሞ የሰው ዋይታ ይመስላል፣ ሳያውቀው ከሰማው እስኪነጋ ዓይኑን አይከድንም።

ጠመንጃው ተራግፎ በሳጥኑ ተቆልፎ መኪና ውስጥ ያድራል። ቦልቱ (ያለሱ ጠመንጃው የማይተኩስበት ተነቃይ ክፍል) ከጋሼ ኪስ አይወጣም፤ ጥይቱም ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ምግብና ጣፋጭ ነገር ሁሉ ጥቁር ድብ ስለሚስብ ወደ መኪናው ይመለሳል፤ ድንኳን ውስጥ ማስቲካ እንኳ አይገባም።

ብርዱ የሚመጣው ከበታች ነው። ብዙ ወላጅ በመኝታ ከረጢቱ ላይ ብርድ ልብስ ይደራርባል፤ ከስር ግን ቀጭን ምንጣፍ ብቻ ያነጥፋል። መሬቱ የልጁን ሙቀት ሲስብ ያድርና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይንቀጠቀጣል። ሁለት የአረፋ ምንጣፍ ከስር ማድረግ ከሁለት ብርድ ልብስ ይሻላል። ቀን የለበሰው ካልሲና ካናቴራ ላብ ስለያዘ ሳይተኛ በደረቅ ይቀየራል። ጭንቅላቱን ከረጢቱ ውስጥ ቀብሮ አይተኛ፤ የትንፋሹ እርጥበት ከረጢቱን ያርሰዋል። የጋዝ ምድጃ ወይም ከሰል ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር ባትሪ ልጁ እጁን ሲዘረጋ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጣል። ሽንት ሲመጣበት አፍሮ ሳይቀሰቅስ እንዳይቀር ጋሼ ገና ማታ ላይ "በማንኛውም ሰዓት ጥራኝ" ይሉታል።

መዥገር ሌላው ጉዳይ ነው። በዚያ አካባቢ የላይም በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ። 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን የሚባል የመዥገር መድኃኒት አንድ ቀን ቀድሞ ልብስና ጫማ ላይ ተረጭቶ ይደርቃል፤ ቆዳ ላይ አይደረግም። ሲመለሱ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ወገብ፣ ከጉልበት በስተኋላና የፀጉር ሥር ይፈተሻል። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። በእሳት መተኮስና ቅባት መቀባት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት አካባቢ ነው፤ መተኮስ የሚፈቀደው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣን ልጅ ዛፍ ላይ ወዳለ ማማ አያወጡም፤ መሬት ላይ በሚተከል የደፈጣ ድንኳን ውስጥ ያስቀምጡታል። እግሩ መሬት የሚደርስ ወንበር ይሰጡታል፤ የተንጠለጠለ እግር ይወዛወዛልና። ወለሉ ላይ ያለውን ደረቅ ቅጠል እስከ አፈሩ ጠርገው ያወጣሉ። የሚከፈተው የፊት መስኮት ብቻ ነው፤ የኋላው ከተከፈተ ብርሃን ገብቶ የልጁን እንቅስቃሴ ለአጋዘኑ ያሳያል። ሌላ አዳኝ እንዲያያቸው ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ በልጁና በአዋቂው ላይ ይደረጋል፤ ከውጭ እንዲታይም ድንኳኑ ላይ ቢያንስ 100 ስኩዌር ኢንች የሚሆን ይታሰራል።

ስንቁም ቢሆን ታስቦበት ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ እንጂ ለደፈጣ አይሆኑም፤ ጸጥ ባለ ጠዋት ሲቆረጠሙ ሩቅ ይሰማሉ። በሶ ጭብጦ፣ ጭኮና ቴምር ድምፅ የላቸውም። የፕላስቲክ መጠቅለያ ሁሉ ቤት ተፈቶ በጨርቅ ከረጢት ይያዛል። የሚቀመጡት ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ልጁ ከደከመው ይተኛ፤ ጠመንጃው እንደሆነ ጋሼ እጅ ነው።

አጋዘን ሲመጣ ልጁ ሦስት ነገር በሹክሹክታ ይናገራል፦ ምን እንደሆነ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ፣ ጎኑን ሰጥቶ መቆሙን። ሦስቱ ካልተነገሩ ጋሼ ሴፍቲውን (የቃታውን መቆለፊያ) አያነሱም፤ የልጁም ጣት ቃታው ላይ አይገባም። የሚነጣጠረው ከፊት እግሩ ትንሽ ወደኋላ፣ ከደረቱ ግርጌ የአካሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ሳንባና ልቡ እዚያ ነው። ልጁ በመጨረሻዋ ሰከንድ "አልተኩስም" ካለ ጋሼ "እሺ" ብለው ያጎረሱትን ጥይት ያወጣሉ። ለምን ብለው አይጠይቁም፤ አባትም እንዲጠይቅ አይፈቅዱም። እሳቸውን እንድናከብራቸው ካደረጉን ነገሮች ሁሉ ይህ ይበልጥብናል።

ከተተኮሰ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቦታ መነሳት የለም። የተመታ አጋዘን ካልተከተሉት ቅርብ ቦታ ይተኛል፤ ከተከተሉት ግን ሩቅ ሮጦ ይጠፋል። ደሙ ደመቅ ብሎ አረፋ ካለው ሳንባ ነው። ጠቆር ካለ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ ረዘም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ፈርስ የሚሸትና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ከሆነ ሆዱ ተመትቷል፤ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ዱካ ሲከተሉ የልጁ ጠመንጃ ባዶ ነው።

መስከረም ሙቀት ስላለው ስጋው ቶሎ ይበላሻል። ሆድ ዕቃው እዚያው ይወጣል፤ አንጀትና የሽንት ፊኛ እንዳይቀደድ ቢላዋው ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ በሁለት ጣት መካከል ይሄዳል። ልጁ ማየት ከፈለገ ያያል፣ ካልፈለገ ዞር ይላል። ስጋው ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በታች እስኪወርድ በረዶ ይደረግበታል፤ 40 ፓውንድ በረዶ መኪና ውስጥ ቀድሞ መገኘት አለበት። ውሃው እንዲወርድ ስጋው የተቀመጠበት የበረዶ ሳጥን ቡሽ ይከፈት፤ በውሃ የተነከረ ስጋ ጣዕሙ ይሄዳል። የተገደለው አጋዘን ለክልሉ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። በቨርጂኒያ የአጋዘን የአንጎል በሽታ እ.ኤ.አ. በ2009 ፍሬድሪክ ካውንቲ ስለተገኘ፣ በሽታው ካለባቸው ካውንቲዎች ሙሉ ሬሳ ጭኖ መውጣት ገደብ አለው። አጥንቱ የወጣለት ስጋ ግን ይፈቀዳል። ጭንቅላቱን ለምርመራ ሰጥቶ ውጤቱ እስኪመጣ ስጋውን ፍሪዘር ማቆየት ነው።

አንድ የቤታችን ጉዳይ አለ። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው፤ በጥይት የተገደለ ስጋ ይበላል ወይ የሚለውን ግን እንደየእምነታችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼካችሁን ሳትወጡ ጠይቁ። ልጁ ገድሎ ከመጣ በኋላ "ይህ አይበላም" ማለት ጭካኔ ነው። ስጋውን የማትበሉ ከሆነ ለተቸገሩ የሚያደርስ "ሃንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ" የሚባል ድርጅት አለ፤ ይህንም ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት። በኖቬምበሩ አደን የምትወጡ ደግሞ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ስጋው ለገና እንዲቆይ የፍሪዘር ቦታ አዘጋጁ።

ጋሼን ማግኘት የምትፈልጉ በክልሉ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለአደን ትምህርት ተመዝገቡ፤ ከክፍሉ ውጭ ልጅ አይወስዱም። በአንድ ሌሊት የሚይዙት ሁለት ልጅ ብቻ ስለሆነ ከጁላይ በፊት መመዝገብ ይሻላል። ወላጅ አብሮ ማደር ግዴታ ነው፤ ስልኩንም መኪና ውስጥ ይተዋል።