ሌሊት የሌለበት የአዲስ ነርሶች ኦረንቴሽን

በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ ሆስፒታል ስቀጠር፣ ለአዲስ ነርሶች የተዘጋጀውን የሁለት ሳምንት የትውውቅ ሥልጠና ከአምስት ባልደረቦቼ ጋር ወስጄ ነበር። በተራ መሥራት ከጀመርሁ ስድስት ወር ስላለፈኝ፣ የሚበጀውንና የጎደለውን ለይቼ መናገር የምችል ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት በአዳራሽ አለፈ። ስለ ኢንፌክሽን መከላከልና ስለ ቆሻሻ አለያየት የተሰጠው ትምህርት ጥሩ ነበር፤ የዓመት ፈቃድ አጠያየቅ ግማሽ ቀን መውሰዱ ግን ዛሬም አይገባኝም። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ማርሊን ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1974 «የእውነታ ድንጋጤ» ብላ የጻፈችለት፣ አዲስ ነርስ በትምህርት ቤት የተማረውና በሥራ ላይ የሚያየው ሲለያይበት የሚደርስበት ጭንቀት በአንዲት ስላይድ ተጠቅሶ ታለፈ።

ሥልጠናውን ሥልጠና ያሰኘው ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ እያንዳንዳችን ከአንድ ነባር ነርስ ጋር ተመደብን። በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ሲታዘዝ፣ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጠው መስመር በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ እንደሚሆን በፈተና ተሳስቼ አላውቅም። ውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ ግን አንዲት አስታማሚ እናት «ልጄ፣ ይኼ ነገር ቆመሳ!» ሲሉኝ እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጠብታው መቆጣጠሪያ ነበር። የተመደብሁላት ሲስተር የታካሚውን የታጠፈ ክንድ ቀስ ብላ ዘረጋችው፤ ጠብታውም ቀጠለ። ቀጥላም በጠርሙሱ ጎን ነጭ ፕላስተር ለጥፋ፣ በየሰዓቱ 125 ሚሊ ሊትር የሚደርስበትን በእስክሪብቶ አሰመረችበት፤ ሠላሳ ታካሚ ላለበት ክፍል ከሰዓት እያዩ ጠብታ ከመቁጠር ይህ ይሻላል።

ትልቁ ጉድለት ሥልጠናው ሁሉ በቀን መሰጠቱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ለሌሊት ተረኛነት ከአንድ ነርስ ጋር ብቻ ተመደብሁ። እሷ ሌላ ክፍል ሳለች የአንዲት ታካሚ የደም ግፊት ወደ 80/50 ወርዶ አገኘሁት፤ ደግሜ ለካሁ፣ ሠለስሁ፣ መሣሪያውንም ቀየርሁ፤ ተረኛ ሐኪሙን ከእንቅልፍ ቀስቅሼ «ለዚህ ነው?» እንዳልባል ስለ ፈራሁ ደቂቃዎች ባከኑ። ስደውልም ታሪኩን ከመካከል ጀመርሁት። ታካሚዋ ደኅና ሆናለች፤ ቢሆንም በስልክ መጀመሪያ የአሁኑን ሁኔታ፣ ቀጥሎ የኋላ ታሪኩን፣ ከዚያ የራስን ግምገማ፣ በመጨረሻም የሚፈለገውን መናገር በአንድ ሰዓት ልምምድ የሚያዝ ነገር ነበር፤ ያን ሰዓት ከፈቃድ አጠያየቁ ግማሽ ቀን መቀነስ ይቻል ነበር።

ሥልጠናው ለሚደርሳችሁ፣ ሁለተኛውን ሳምንት በፍጹም አትቅሩ፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ከነባር ነርስ ጋር እንድትመደቡም አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአስተያየት መስጫው ቅጽ ላይ ስለ ሌሊት ተራ የሚጠይቅ ቦታ ስላልነበረ፣ እኔ በጀርባው ጽፌዋለሁ።